ለኔ ልጅ ብቻ

ቧንቧው አንዴ አንኮራፋ፣ ዝገት የቀላቀለ ጠብታ ተፋና ጸጥ አለ። ነርሷ መልሳ ዘጋችው። እጆቿን በጋዋኗ ጎን ጠራርጋ የሕፃኑን መድኃኒት ልትሰጥ ወደ አራሷ አልጋ መጣች።

አራሷ ልጇን ወደ ደረቷ አስጠጋች። ከጎኗ አልጋ ላይ የነበረው ጨቅላ ጠዋት በፎጣ ተጠቅልሎ ወጥቷል። ኢንፌክሽን ነው ተባለ። የገነዘችውም ይህችው ነርስ ናት።

አራሷ መናገር ፈራች። ነርሷ ብትቀየምስ? ልታስታምማት አጠገቧ የቆመችው አክስቷ ግን አፏ መቼ አርፎ ያውቃል።

«ሲስተር፣ የኔ ልጅ፣ አትቆጪኝና እጅሽን ሳትታጠቢ ልጁን አትንኪብን።»

«በምን ልታጠብ፣ እማማ? በምራቄ?» ነርሷ እጆቿን ዘረጋች። በረኪና ልጧቸዋል፤ መገጣጠሚያቸው ተሰነጣጥቋል። «አልኮሉ ካለቀ ሰነበተ። ጓንት ለማዋለጃ ክፍል ብቻ ነው የሚሰጡት። ውሃ ይመጣል ይሉናል፤ እኛም ይመጣል እንላችኋለን።»

«ዶክተሩስ?»

«እሱስ ከየት ያመጣል?»

አራሷ ከትራሷ ሥር የምትጠጣውን ውሃ፣ ግማሽ የቀረውን ጠርሙስ አወጣች። ነርሷ ጠርሙሱን አየች፤ ከዚያ ዞር ብላ ሌሎቹን አልጋዎች አየች።

«ለኔ ልጅ ብቻ» አለች አራሷ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። ካፏ ከወጣ በኋላ አፈረች።

አክስቷ ከአልጋው ሥር ሳፋውን ጎትታ ነርሷን አስታጠበቻት። ነርሷ ከኪሷ ጥፍር የምታክል ሳሙና አውጥታ መዳፏን፣ የጣቶቿን መሃል፣ ጥፍሮቿን አንድ በአንድ አሸች። ሳሙናው ስንጥቁ ውስጥ ሲገባ ጥርሷን ነከሰች።

«እንዲህ ያለ መታጠብማ ለሙሽራም አልተደረገ» አለች አክስቲቱ።

ነርሷ ሳትወድ ሳቀች። አራሷም ሳቀች፤ ከወለደች ወዲህ ገና አሁን መሳቋ ነው። ውሃው አለቀ። የሚያደርቅ ነገር ስላልነበረ ነርሷ እጆቿን አየር ላይ አራገፈቻቸው፤ ከዚያም በእርጥብ መዳፏ የሕፃኑን ሆድ ነካች።

ልጁ በቅዝቃዜው አልደነገጠም። ነርሷ ሳቋን ዋጠች። እግሩን አንስታ ለቀቀችው፤ እንደ ጨርቅ ወደቀ።

«ጡት መጥባት ያቆመው መቼ ነው?»

«አላቆመም። ሌሊት ጠብቷል። ጠዋት ግን... እንቅልፍ በዝቶበት ነው እንጂ ይጠባል።»

«ሰውነቱ ይፋጃል፣ እህቴ።»

አክስቲቱ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች።

ነርሷ እጁ ላይ በተሰካው መርፌ መድኃኒት ሰጠችው። አራሷ ብልቃጡን አወቀችው፤ ጠዋት በፎጣ ለወጣው ጨቅላም ሲሰጠው የነበረው እሱ ነው።

«ይሻለዋል አይደል?»

«ዶክተሩን እጠራዋለሁ» አለች ነርሷ፣ ፊቷን ሳታሳያት። «ለዚያችኛዋ እናት ልጅ መድኃኒቱን ሰጥቼ ልጥራው።»

ከመስኮቱ ሥር የተኛችው እናት እስካሁን ሁሉንም ስታይ ቆይታለች። ነርሷ ትኩሳታሙን ልጅ በነካ እጇ ወደ እሷ መራመድ ስትጀምር የሴትየዋ ዓይን ከአራሷ ዓይን ጋር ተጋጨ። ሴትየዋ ልጇን ከነብርድ ልብሱ ሰብስባ አቀፈችና፣ ጀርባዋን ሰጥታቸው ወደ ግድግዳው ዞረች።