የሲስተር ጥሩዓለም መዝገብ

ሲስተር ጥሩዓለም በጤና ጣቢያው ሃያ ሁለት ዓመት ስታገለግል ቅናት እንደዚያ ቀን አንገብግቧት አያውቅም። አዲሱ የታካሚዎች መመዝገቢያ ሶፍትዌር ለነርሶቹ ይመች እንደሆነ ሊያይ የመጣው ባለሙያ፣ ጠዋቱን ሙሉ ከወጣቷ ነርስ ከሰናይት ጎን ተቀምጦ ጣቶቿን እያየ ይጽፋል። «እኛስ ሰው አይደለንም?» ልትለው ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ዋጠችው።

በመጨረሻ ወደ እሷ መጣ። በስሟ የተመዘገበውን ከፍቶ አገላበጠና ፈገግ አለ።

«ሲስተር፣ ሶፍትዌሩ እርስዎንም ያሳስትዎታል። ግን በየቀኑ በምሳ ሰዓት እየገቡ ስህተቱን አንድ በአንድ ማረምዎ ያስደንቃል።»

ጥሩዓለም ምሳዋን ሁልጊዜ ቤቷ ሄዳ ነው የምትበላው። ዞር ስትል ሰናይት አንገቷን ደፍታ የኮምፒውተሩን ቁልፎች ዝም ብላ ትነካካለች።