የጋልጋሎ ዋስ

«ዋስ አለህ?» ይላሉ ወይዘሮ ተናኘወርቅ፣ በሩን ገርበብ አድርገው።

ደጃፉ ላይ የቆመው ሰው ባልዲውን ያስቀምጣል። ጋልጋሎ ይባላል፤ ከዱብሉቅ ወደ ነገሌ የመጣው በቅርቡ ነው። ወይዘሮዋ መስኮት አጣቢ እንደሚፈልጉ የሰማው ወፍጮ ቤት ነው።

«ዋስ የለም እሜቴ። አባቴን ዱብሉቅ ሁሉ ያውቃል። እዚህ እኔን ማን ያውቃል?»

«እንግዲህ ዱብሉቅ ድረስ ሄጄ ልጠይቅልህ?»

«ኤዬ፣ ቢሄዱ ጥሩ ነበር» ይላል ከልቡ። «ወተት ይሰጡዎታል።»

ሳቃቸው ሊያመልጣቸው ሲል ይውጡታል። ዋስ የሌለው ሰው እዚህ ቤት ገብቶ አያውቅም። ባለቤታቸው የመቶ አለቃ ቢረሳው በሕይወት ሳሉ ዋስ የሚሆን ሞልቶ ነበር፤ አንዷ የመኮንን ሚስት ለሌላዋ ሠራተኛ ትዋሳለች፣ ሳያንኳኩ ይገባሉ፣ ሳይበሉ አይወጡም። ከዚያ ጦሩ ተዛወረ፣ ሴቶቹም ባሎቻቸውን ተከትለው ሄዱ። ወይዘሮ ተናኘወርቅ ግን መቃብሩን ትቼ የት እሄዳለሁ ብለው ቀሩ። መስኮቶቹን ደግሞ የነገሌ አቧራ ስለሸፈናቸው አሁን በመንገዱ ሰው ይለፍ ከብት አይለዩም።

«ከውጭ ብቻ ታጥባለህ» ይላሉ በመጨረሻ። በሩን ዘግተው ቁልፉን ሁለቴ ያዞራሉ።

ጋልጋሎ ውሃውን ሲረጨው መስታወቱ ላይ ቀይ ጭቃ ይወርዳል። በጨርቅ ያሸዋል፣ በአሮጌ ጋዜጣ ያደርቀዋል፤ ከውስጥ ቆመው ለሚያዩት ወይዘሮም ከጭቃው ኋላ ፊቱ ብቅ ይላል። ፈገግ ሲልላቸው ወይዘሮዋ ጣራውን ያያሉ። ወደሚቀጥለው መስኮት ሲያልፍ እሳቸውም ከውስጥ ይከተሉታል። ጥበቃ ነው እንግዲህ።

አንዱ መስኮት ላይ ሲደርስ ግን ማሸቱን ትቶ መስታወቱን ያንኳኳል።

«ይኼ ቆሻሻ በእርስዎ በኩል ነው!»

የገዛ ቤታቸውን ቆሻሻ ደጅ የቆመ ሰው ሲነግራቸው ይናደዳሉ። እውነቱን ነው። ጋዜጣ ጨምድደው ያሻሉ። እሱ በጣቱ ያሳያቸዋል፣ እሳቸው ያጠፋሉ፤ እሳቸው ደግሞ በተራቸው ያሳዩታል፣ እሱ ያጠፋል። እጆቻቸው በአንድ መስታወት ግራና ቀኝ አብረው ይዞራሉ። ከሰው ጋር ሥራ ከሠሩ ስንት ጊዜያቸው! ደስ ይላቸዋል። ወዲያው ደግሞ መስኮቱ ሊያልቅ መሆኑን ያስቡና ይከፋቸዋል።

የመጨረሻው መስታወት ጥርት ካለ በኋላ ምንም የሌለበትን ጥግ ያሳዩታል። ጋልጋሎ ጠጋ ብሎ ያያል። ምንም የለም። እንዲያም ሆኖ ደህና አድርጎ ያሸላቸዋል።

ዋጋውን ተቀብሎም ከደጃፉ አይሄድም።

«እሜቴ፣ ጦር ሰፈሩ በር አጠገብ አዲስ ሻምበል ገብቷል። ሚስቱ መስኮት ታሳጥባለች አሉ። ዋስ ካለችኝ እርስዎን ልጥራ?»

ዋስነት ቀልድ አይደለም። ከዚያ ቤት አንድ ማንኪያ ቢጠፋ መጥተው የሚያንኳኩት የእሳቸውን በር ነው።

«ስሜን ታውቀዋለህ?»

«አላውቅም።»

«ተናኘወርቅ በላት። የመቶ አለቃ ቢረሳው ባለቤት።»

ጋልጋሎ እንዳይጠፋበት ደጋግሞ ይለዋል። ስማቸውን በሌላ ሰው አፍ ከሰሙት ቆይተዋል፤ እንዲያቋርጥ አይፈልጉም።

ባልዲውን አንስቶ ጥቂት እንደተራመደ ይጠሩታል።

«ስማ! ለሴትየዋ እንዲህ በላት፤ ምንም ባይጠፋም መጥታ ትጠይቀኝ።»

በሩን ይዘጋሉ፤ ቁልፉን አያዞሩም። ወንበር ስበው መስኮቱ አጠገብ ይቀመጣሉ። መንገዱ እስከ ጦር ሰፈሩ በር ድረስ ጥርት ብሎ ይታያል፤ ከጋልጋሎ በቀር የሚሄድበት የለም።