ጀልባው እስኪጠገን

ተሰነባብተው ጨርሰዋል። አዋላጇ ሻንጣዋን ይዛ ጀልባው ላይ ወጥታለች፤ ዳቦ ጋጋሪው እጁን ኪሱ ከቶ ወደ መጣበት ፊቱን አዙሯል። እንደ ተባባሉት፣ ያለ እንባ፣ ያለ ስልክ ቁጥር። ይኼኔ የጀልባው ሞተር ሁለቴ አስሎ ጸጥ አለ።

«ውረዱ!» አለ ትኬት ቆራጩ። «አንድ ሰዓት ይፈጃል። ምናልባትም ሁለት።»

አዋላጇ እንደ ወጣች ወረደች። ዳቦ ጋጋሪውም ጩኸቱን ሰምቶ ቆሟል። ተያዩና ሁለቱም አፈሩ። እንደዚያ አምሮ ያለቀ ስንብት አሁን ምን ይደረጋል?

«እንግዲህ» አለ እሱ፣ ተመልሶ ሻንጣዋን እየተቀበላት፣ «የኔም አውቶቡስ ከሰዓት በኋላ ነው። ዕቃዬን እንኳ ከክፍሌ አላወጣሁም።»

መጠበቂያው ጥላ ሥር አንድ አግዳሚ ወንበር አግኝተው ተቀመጡ።

ከተዋወቁ ገና አሥር ቀናቸው ነው። ሁለቱም ለዓመታት ያጠራቀሙትን እረፍት ይዘው እዚህ ሐይቅ ዳር መጡና፣ አንድ ማረፊያ ቤት ውስጥ ጎን ለጎን ክፍል ያዙ። እሷ የሰው ልጅ ስታዋልድ፣ እሱ የሰው ቁርስ ሲጋግር እንቅልፍ የሚባል ነገር ከረሱ ቆይተዋል፤ ለእረፍት መጥተውም ማለዳ መንቃቱ አልለቀቃቸውም። ሌላው ሰው ሳይነሳ በረንዳው ላይ ተገናኙ። በሦስተኛው ቀን እጅ ለእጅ ተያያዙ። በአራተኛው ቀን ቁርጥ ያለ ስምምነት አደረጉ፤ እረፍቱ ሲያልቅ ነገሩም ያልቃል።

እሷ አግብታ ፈትታለች፤ እባብ ያየ በልጥ በረየ ነው ነገሩ። እሱ ደግሞ አንዲት ሴት ሰባት ዓመት ሙሉ አጭቶ፣ «ዘንድሮ፣ ለከርሞ» ሲል፣ ሰልችቷት ሌላ አገባች። የሠርጓን ኬክ የጋገረላት እሱ ነው። «ባለ ሦስት ፎቅ» ብሎ በእጁ ቁመቱን ሲያሳያት አዋላጇ በሳቅ ፍርስ ብላ ነበር። እውነቱን ለመናገር፣ የወደደችው ያን ዕለት ነው።

አሥር ቀን ሙሉ አንዳቸው ላንዳቸው ደህና ደህናቸውን ሲያሳዩ ሰንብተዋል። አሁን ግን ስንብቱም አልፏል፤ አምሮ መታየት የቀረበት ጊዜ ነው። ራሷን ያማት ጀመር። ጫማዋን አወለቀች። እሱ ከጥላው ሥር ሾልካ የገባችው ፀሐይ ፊቷ ላይ እንዳታርፍ ወንበሩ ጫፍ ድረስ ተጠግቶ ከለላት። እንዲያ እንደ ተቀመጠ ትከሻው ላይ እንቅልፍ ወሰዳት።

የቀሰቀሳት ስልኳ ነው። ታላቅ እህቷ ናት።

«ተሳፈርሽ?»

«ኧረ ጀልባው ተበላሽቷል፣ እትዬ። እየጠበቅሁ ነው።»

«ውይ በሞትኩት! ብቻሽን?»

«አዎ» ልትል አፏን ከፈተች። አሥር ቀን ሙሉ በስልክ ስትል የከረመችው ይህንኑ ነው። ዳቦ ጋጋሪው እንዳላስቸግራት ብሎ ፊቱን ወደ ውሃው አዙሮ፣ ትንፋሹን እንኳ ቀንሶ ተቀምጧል። ያን የሚያህል ሰውዬ የሌለ ለመምሰል እንደዚያ ሲጨነቅ ስታየው አንጀቷን በላት።

«አይ» አለች፣ «ከሰው ጋር ነኝ።»

«ከማን?»

«ከ… ዳቦ ጋጋሪ ነው።»

«እስቲ ስጪልኝ» አለች እህቷ።

እሱ ስልኩን በሁለት እጁ ተቀብሎ ብድግ አለ፤ እህትየዋ ፊቱ የቆመች ይመስል።

«እንደምን ዋሉ፣ እትዬ» አለ። ቃሉን ከእሷ አፍ ወስዶ እንደ ራሱ ሲናገረው አዋላጇ ቀና ብላ አየችው። «ደህና፣ እግዜር ይመስገን… አርባ ስድስት… አዎ፣ የራሴው ዳቦ ቤት ነው… እናቴማ አለች፣ ደም ግፊቱ ትንሽ ያስቸግራታል እንጂ… ኧረ መጠጥስ አልወድም።» አሁን ግንባሩን ጠረገ። «እሱ እንኳ፣ አልዋሽዎትም፣ አንኮራፋለሁ።»

አዋላጇ ሳቋን ለመያዝ ያወለቀችውን ጫማ አጥልቃ ለማሰር ጎንበስ አለች።

ሞተሩ በድንገት ተነሳ። «ተሳፈሩ! ኋላ ቀረሁ እንዳትሉ!» ሲል ትኬት ቆራጩ ተጣራ። ሰው ግር ብሎ ተነሳ። ዳቦ ጋጋሪው ስልኩን በትከሻውና በጆሮው መሀል አጣብቆ፣ ሻንጣዋን አንጠልጥሎ ከሰዉ ጋር ተሰለፈ። «ጨውማ አስቀንሻታለሁ፤ የምታመሸው ከጎረቤት ጋር ስትከራከር ነው፣ እሱ ነው ደሟን የሚያፈላው…» እያለ መሸጋገሪያውን ጣውላ ተሻግሮ ገባ። አዋላጇ ከኋላው ተከተለችው።

ውረድ ልትለው ይገባ ነበር። ይህ የሷ ጀልባ ነው፤ የሱ አውቶቡስ በወዲያኛው መንገድ ነው። ጀልባው ደግሞ እስከ ነገ ጠዋት አይመለስም። አውቆ ይሁን በወሬው ተጠምዶ፣ ከፊቱ መለየት አልቻለችም። ዝም ብላ ተቀመጠች፤ እሱ ከፊት ለፊቷ፣ ጀርባውን ለወደቡ ሰጥቶ ቆመ።

ጣውላው ተነሳ። ገመዱ ተፈታ።

እሱ ስልኩን በመዳፉ ሸፍኖ ወደ እሷ ጎንበስ አለ።

«እሁድ ለምሳ ኑ እያለች ነው» አለ በሹክሹክታ፣ ዓይኑን አፍጥጦ። «ምን ልበላት?»

«በስንት ሰዓት እንደሆነ ጠይቃት» አለችው።

እሱም ቀና ብሎ መጠየቅ ጀመረ። ከጀርባው፣ ክንድ የማይሞላው ውሃ ሁለት ክንድ ሆነ፤ ከዚያ አሥር፤ ከዚያ አግዳሚ ወንበሩ ከነጥላው እያነሰ ሄደ።