ከዛፎቹ መሃል የመጣ ድምፅ

ዴላ ውሃ በተኛበት ጫካ ውስጥ ወገቧ ድረስ ሰጥማ እየተራመደች ከአጎቷ ራቀችና አንድ ወፍራም ዛፍ ጀርባ ቆመች። በትርፍ ሰዓቷ ጋራዥ ውስጥ ባለው ቶርኖ ፒካን ከሚባል ዛፍ እንጨት የሠራችውን የዳክዬ መጥሪያ፣ አዳኞች ዳክዬ ለማማለል የሚነፉትን ፉጨት፣ ለእሱ ሰጥታዋለች። ራሷ ስትነፋው ድምፁ የሚሰማት በጥርሷና በራስ ቅሏ አልፎ ስለሆነ፣ ሩቅ ላለ ዳክዬ ምን እንደሚመስል አታውቅም ነበር። አጎቷ አዳኞችን እየመራ የሚተዳደር ሰው ነው፤ ዛሬ ከወደደው አንገቱ ላይ ያንጠለጥለዋል። በእሱ አንገት ላይ ያዩትን ደግሞ የአካባቢው አዳኞች ሁሉ ይፈልጉታል።

ትንፋሿን ይዛ አዳመጠች። ከዛፎቹ መሃል አንድ ድምፅ መጣ፤ ሻካራ፣ መጨረሻው ላይ የሚሰነጠቅ፣ ጉንፋን የያዛት ሴት ቁጣ የሚመስል። ድምፁ እንዲለሰልስ ብላ መጥሪያው ውስጥ ያለውን ሲነፋ የሚርገበገብ ቀጭን ምላስ ቅዳሜ ቅዳሜ በብርጭቆ ወረቀት ስታሸው የከረመችው ለዚህ ነው? ፊቷ ጋለ።

“ይበቃል አጎቴ! ለማንም እንዳታሰማው!”

“ምኑን?” አለ አጎቷ ከወዲያ። “ገና ጓንቴን እያወለቅሁ ነው እኮ!”

“ታዲያ ያ ማን ነው?”

“ዳክዬ ናታ! በይ አትችዪበትም በያት።” ሳቀ። “አሁን ልንፋው?”

እሷ የሠራችው መጥሪያ ድምፅ ግን አንድም ቀን እንደ እውነተኛዋ ዳክዬ ተሰንጥቆ አያውቅም። ዴላ ኮፍያዋን ከጆሮዋ ላይ ገፋ አደረገች።

“ቆይ አጎቴ” አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። “መጀመሪያ እሷ ትድገመው።”