ከስምንት በላይ አይችልም

በላፕቶፑ ሆድ ላይ የተለጠፈው ወረቀት «ሚሞሪ ከስምንት ጊጋ አይበልጥም» ይላል። ቤት ውስጥ ቀበጢት የሚሏት ልጅ ግን እንኳን ወረቀት እናቷንም ሰምታ አታውቅም። ወንድሟ የመመረቂያ ጽሑፉን ሊያስረክብ ሁለት ቀን ቀርቶታል፤ ላፕቶፑ ደግሞ እንደ ኤሊ እየተጎተተ ሊያስለቅሰው ደርሷል። ስለዚህ ሁለት ባለ ስምንት ሚሞሪ ሰካችለት።

«ከአቅሙ በላይ አታጉርሺው፣ አንቺ!» አላት ወንድሟ።

«ምነው፣ ያስመልሰዋል?»

አላስመለሰውም። አስራ ስድስት ብሎ ቆጠረና እንደ ፌንጣ ይዘል ጀመር። ወንድሟ ደስ ብሎት ግንባሯን ሳማት። በማግስቱ ጠዋት ግን ላፕቶፑ ሃያ ብሎ ቆጠረ።

«ጨመርሽበት እንዴ?»

«ከየት አምጥቼ?»

ባትሪውን አውጥታ ላፕቶፑን ጭኗ ላይ አስቀመጠችና የጀርባ ክዳኑን ፈታች። ያልታጠበ አፍ ሽታ ፊቷን መታት። የሰካቻቸው ሁለቱ እንዳሉ ናቸው። ከኋላቸው ግን፣ ምንም መሰኪያ በሌለበት ቦታ፣ አረንጓዴው ሰሌዳ እንደ ድድ አብጦ ሦስተኛ ሚሞሪ እያበቀለ ነው። ገና ለስላሳ ነው፤ ልጋግም ለብሷል።

«እፍ! አሁንስ እኔን ሊያስመልሰኝ ነው።»

«ብቻ ጽሑፌን እንዳታጠፊብኝ!» አለ ወንድሟ፣ አፍንጫውን ይዞ ከበሩ ላይ።

በወረንጦ ቆንጥጣ ነቀለችው። ይሞቃል፤ ሥርም አለው። የተነቀለበትን ቀዳዳ በጥጥ ልትጠርግ ስትጠጋ ከውስጥ እርጥብ ነገር ብቅ አለና ጣቷን ቀስ አድርጎ ላሰው።

ከዚያ ቀዳዳው ጉርሻ እንደሚጠብቅ አፍ ሰፋ ብሎ ተከፍቶ ጠበቃት።