ሁለተኛው ኩርባ

የቤተ ክርስቲያኑ በር ሲከፈት ፍራውከ ቦዩ ውስጥ ተቀምጣ ነበር። ውሃው እስከ ወገቧ፣ ጭቃው እስከ ክርኗ። ባለ ሦስት ጎማው ብስክሌት ከጎኗ በአፍንጫው ተተክሎ፣ አንዱ የኋላ ጎማ ወደ ሰማይ ይሽከረከራል።

«የፈሩት ይደርሳል» አለች ለራሷ።

ሰዓቱን መርጣ ነበር የወጣችው። እሑድ ጠዋት፣ መንደሩ በሙሉ የሚንት ከረሜላውን እየመጠጠ ስብከት ሲሰማ፣ መንገድ ላይ የሚያያት በግ ብቻ ነው። የዛሬው ሰባኪ እንግዳ መሆኑን አላወቀችም። እንግዳ ሰባኪ ደግሞ ቶሎ ይጨርሳል።

ብስክሌቱ ከሕመሟ በኋላ ከማዘጋጃ ቤት ከመጣላት ወዲህ ክረምቱን ሁሉ ዕቃ ቤት ውስጥ አንሶላ ለብሶ ነው የከረመው። ዕድሜዋን ሙሉ በዝናብና በነፋስ የዚህን መንደር ፖስታ በብስክሌት ያደረሰች ሴት፣ እንደ ሕፃን በሦስት ጎማ? ስትሮክ ግራ ጎኗን ሲመታት አላለቀሰችም። ያለቀሰችው ያ ነገር ከመኪና ሲወርድ ባየች ቀን ነው።

ባለፈው ሳምንት ግን ደረጃው መሀል ላይ ቀረች። እንደ መሰላል ቀጥ ያለ ደረጃ ነው፤ መኝታ ክፍሏ ፎቅ ላይ ነው። ግራ እግሯ እንቢ አላት። ልጇ ማሬከ መጥታ እስክታወርዳት ድረስ እንጨቱ ላይ ተቀምጣ ጠበቀች።

«እማዬ፣ በቃ አልጋውን ሳሎን እናውርደው» አለች ማሬከ። ቀኑም ተቆርጧል፤ ነገ ሰኞ። ፍራውከ ወደ ሳሎን የሚወርድ አልጋ ምን እንደሆነ ታውቃለች። የእናቷም ወርዶ ነበር፤ ተመልሶ አልወጣም። ሐኪሟ ደግሞ ይህን እግር የሚመልሰው ኪኒን ሳይሆን በየቀኑ ማሠራት ነው ብሏታል፤ እንቢ ማለቱ ሰልችቶት እስኪተው ድረስ።

የጣላት ድካም አልነበረም። ኩርባው ላይ ስትደርስ ልጅ ሆና እንደለመደችው ገላዋን ዘንበል አድርጋ ብስክሌቱ እስኪታጠፍ ጠበቀች። ባለ ሁለት ጎማ እንዲያ ነው የሚታጠፈው። ባለ ሦስቱ ዘንበል ማለት አያውቅም። እሷ አዘነበለች፤ እሱ ቀጥ ብሎ ወደ ቦዩ ነዳት።

መጀመሪያ የደረሰው ጎረቤቷ ሲፕ ነው፤ ጥቁር ካፖርቱን ለብሶ፣ ከረሜላውን በጉንጩ ይዞ።

«ፍራውከ! በሦስት ጎማ እየዞርሽ አይስክሬም መሸጥ ጀመርሽ እንዴ?»

«ጀምሬያለሁ። ለአንተ የጭቃውን አስቀምጬልሃለሁ።»

ከኋላው የተከተሉት ሳቁ። ሳቁ አልከበዳትም። የከበዳት ከመሀላቸው ዝቅ ባለ ድምፅ የወጣው «ምስኪን» ነው።

«ማን ነው ምስኪን ያለው?» ብላ ከቦዩ ውስጥ ጮኸች።

 አንዱ ጫማውን ማየት ጀመረ።

ማሬከ ፊቷ አመድ መስሎ ሰዉን እየገፋች መጣች። «እማዬ! ምን አልኩሽ? መኪና ላምጣ፣ እንዳትንቀሳቀሺ!»

«መኪና አልፈልግም። ብስክሌቱን አውጡ።»

«መጀመሪያ አንቺን!»

«እኔ አልዝግም፤ እሱ ይዝጋል።»

አወጡት። እሷንም አወጧት፤ ውሃው ከቀሚሷ እየተንዠቀዠቀ። ሲፕ ብስክሌቱን አስፋልቱ ላይ አቁሞ መሪውን ወደ ቤቷ አዞረ።

«ወደዚያ አይደለም» አለችው። «ባሕሩን ወደሚያግደው ግድብ አዙረው።»

«አበድሽ? ሳትደርሺ ሌላ ኩርባ አለ።»

«ኩርባውን ለእኔ ትነግረኛለህ? የአንተን ፖስታ በዚያ ነው ያመጣሁት። ይልቅ እግሬን እሰርልኝ» አለችና መሪውን ይዛ ኮርቻው ላይ ወጣች።

ሲፕ ከረሜላውን ከጉንጭ ወደ ጉንጭ አዞረ። ከዚያ ከነእሑድ ሱሪው ከብስክሌቱ የወረደው ጭቃ ላይ ተንበረከከና ግራ እግሯን በፔዳሉ ማሰሪያ አሰረ። «ጠበቅ አድርገው» አለችው፤ አጠበቀው።

ማሬከ ኮርቻውን ከኋላ በሁለት እጇ ይዛለች። «እማዬ፣ በእናትሽ።»

«ሰኞ አይደል አልጋውን የምታወርጂው?»

«ለአንቺ ብዬ እኮ ነው…»

«ዛሬ እሑድ ነው። ልቀቂኝ።»

እጆቹ አንድ በአንድ ተላቀቁ።

ነፋሱ ከፊቷ ነበር። እርጥብ ቀሚሷ ጉልበቷ ላይ ተለጥፏል፤ ጥርሷ ይንቀጫቀጫል። የሚገፋው ቀኝ እግሯ ብቻ ነው፤ ግራው እንደታሰረ በግ ከፔዳሉ ጋር ይጎተታል። ሁሉም ቆመው እንደሚያዩዋት ጀርባዋ ያውቃል። ይዩ።

ኩርባው መጣ። ገላዋ ሳያማክራት ወደ ግራ ማዘንበል ጀመረ። «እረፍ!» ብላ ጮኸችበት፤ በቀኝ እጇ መሪውን ገፋች። ግራ እጇም እንደ ነገሩ ሳበ። ቀጥ ብላ እንደተቀመጠች መንገዱ ከሥሯ ሲጠማዘዝ፣ ከልጅነቷ ጀምሮ የተማረችው ሁሉ ወደቅሽ፣ ወደቅሽ አላት።  ከቦዩ ዳር ያለው ሣር የፊተኛውን ጎማ ነካው፣ ጫረው፣ ተወው።

መንገዱ ቀና። ግድቡ ገና ሩቅ ነበር፤ ነፋሱም እንደነበረ ነው። ከበታቿ የሆነ ነገር ጭቅ አለ። ዝም አለ። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ጭቅ።

ጎንበስ ብላ አየች። በግራ ጫማዋ ውስጥ የቀረው የቦይ ውሃ ነው። እግሩ እየተጎተተ ሲዞር ድምፅ የለውም። ጭቅ የሚለው እግሩ ራሱ ሲገፋ ብቻ ነው።