የቅዳሜው ደንበኛ

ጋሼ ካርታ የሱቁን በር በትከሻቸው ገፋ አድርገው ገቡና፣ የልጃቸው ባል ገና ደረጃው ላይ እያለ፣ ሰላምታቸውን በባለሱቁ አገር ቋንቋ ለቀቁት። አማቻቸው እንዲሰማ ድምፃቸውን ከፍ አድርገዋል።

እውነተኛ ስማቸውን ከቤተሰቡ በቀር የሚያስታውሰው የለም። ሠላሳ ዓመት ጂኦግራፊ ሲያስተምሩ ካርታ ከብብታቸው ተለይቶ ስለማያውቅ፣ ተማሪ ያወጣላቸው ስም እንደ ማዕረግ ተጣብቆባቸው ቀረ። የዓለምን ወንዝና ተራራ በቃላቸው ይወጡታል፤ እሳቸው ግን አንድም ቀን ድንበር ተሻግረው አያውቁም። ጡረታ ሲወጡ ታዲያ ዘዴ አገኙ። ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት፣ የውጭ አገር ሰዎች የአገራቸውን ምግብ የሚሸጡባቸውን ሱቆች መዞር ጀመሩ። አንዱ ጋ በጢስ የደረቀ ዓሣ፣ ሌላው ጋ ስሙን የማያውቁት ቅመም ይገዙና፣ እቤት ሲደርሱ «ዛሬ ባሕር ተሻግሬ መጣሁ» ይላሉ። ባለቤታቸውም፣ «እንግዲያው ጫማህን እደጅ አውልቅ፤ የባሕሩን ጭቃ ምንጣፌ ላይ እንዳታመጣው» ይሏቸዋል።

አማቻቸው የከባድ መኪና ሾፌር ነው። ስንት ድንበር እንዳቋረጠ እሱም አልቆጠረው። አንድ ቀን እራት ላይ፣ ጋሼ ካርታ ስለ አንድ ሩቅ ከተማ የአየር ጠባይ ሲያብራሩ፣ «ኧረ እዚያስ ጎማ ፈንድቶብኝ ሁለት ቀን አድሬያለሁ፤ ብርዱ ለጉድ ነው!» አለ። ክፋት አልነበረውም። ቃሉ ግን እንደ ዓሣ አጥንት ጉሮሯቸው ላይ ተሰንቅሮ ቀረ። ዛሬ «እስቲ አብረን እንሂድ» ያሉት ለዚህ ነው።

ሱቁ ጠባብ ነው። በጨው ውሃ የተዘፈዘፈ አትክልት የሞላባቸው ጠርሙሶች እስከ ጣራው ተደርድረዋል። ባለሱቁ፣ ጠጉሩ ገና መሸበት የጀመረ ጎልማሳ፣ ባንኮኒው ላይ አይብ እየቆረጠ ነበር። ሰላምታቸውን ሲሰማ ቢላዋውን አስቀመጠ።

ጋሼ ካርታ ከአንዲት ትንሽ መጽሐፍ የለቀሟቸው የቋንቋው ቃላት አሥራ አንድ ናቸው። ጠዋት ሲላጩ መስታወት ፊት ይለማመዷቸዋል፤ አነጋገራቸው ጥርት ያለ ነው። ሁልጊዜ ሰላም ይሉታል፣ ይቀምሳሉ፣ «ጣፋጭ» ይላሉ፣ አመስግነው ይወጣሉ። ዛሬ ግን ሰውየው አላስቀመሳቸውም። መናገር ጀመረ።

ዝግ ብሎ ጀመረና እየፈጠነ ሄደ። ጋሼ ካርታ አንዲትም ቃል አልያዙም። «ወንድሜ፣ አልገባኝም» ማለት ይቻል ነበር። አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ አማቻቸው ከኋላቸው፣ «ወይ ጋሼ! እንዲህ ይግባባሉ እንዴ? እኔ ዕድሜ ልኬን ስዞር ‹ናፍጣ› ከማለት በቀር የተማርኩት የለኝም!» አለ።

«አዎ» አሉ ለባለሱቁ፣ በቋንቋው።

ሰውየው ባንኮኒውን ዞሮ ወደ እሳቸው መጣ። አንድ ነገር ጠየቃቸው፤ ጥያቄ መሆኑን ከድምፁ አወቁ። ፈገግ አሉና፣ «ጥሩ ነው። በጣም ጥሩ!» አሉት።

የሰውየው አፍ እንደተከፈተ ቀረ።

ሚስቱ እጇን በፎጣ እየጠራረገች ከጓዳ ወጣች። እሷ የዚሁ አገር ልጅ ናት። አንዴ ባሏን፣ አንዴ እሳቸውን አየች።

«በጣም ጥሩ ነው ያሉት፣ አባቴ?»

ጋሼ ካርታ ፈገግታቸውን ሰበሰቡ።

«እናቱ'ኮ አርፈውበት ነው። ጠዋት ተደውሎ ነው የሰማው፤ ቀብሩም አልፏል። እኔ ቋንቋውን የምሰማው እንደ ነገሩ ነው፤ አልቅስ ብለው እኔ ጋ አልወጣለት አለ። ‹በቃ ሱቁን እንዝጋ› ስለው ምን አለኝ መሰለዎት? ‹ዛሬ ቅዳሜ ነው፤ ቋንቋዬን የሚያውቁት አባት ይመጣሉ›።»

ጋሼ ካርታ ከአንገታቸው እስከ ጆሯቸው ጫፍ ነደዱ። መሬት ተከፍታ ብትውጣቸው ደስታቸው ነበር። አማቻቸው ከኋላቸው ቆሟል፤ ትንፋሹ ይሰማቸዋል። ያኔ አፋቸው ቀደማቸው።

«ጆሮዬ ነው፣ ልጄ» አሉ። «ጆሮዬ ይደክማል። አልሰማሁትም።»

ቃሉን መልሰው ሊውጡት ቢችሉ በዋጡት። ሴትዮዋ ግን ፊቷ ፈታ አለ። «ውይ! እኔን! ምን አስቤ ነበር» ብላ ወደ ባሏ ዞረችና፣ ጆሮዋን በጣቷ እየነካች በቋንቋው ነገረችው። ሰውየው ግንባሩን መታ፣ በራሱ ላይ እንደተቆጣ። በርጩማ ስቦ አመጣና፣ ክንዳቸውን ይዞ፣ ለገዛ አባቱ እንደሚያደርገው፣ ቀስ ብሎ አስቀመጣቸው። አጠገባቸው ተንበረከከ። እጁን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርጎ አፉን ወደ ጆሯቸው አስጠጋና፣ ነገሩን ከመጀመሪያው፣ ቃል በቃል፣ ጮክ ብሎ ይነግራቸው ጀመር።

አማቻቸው ኮፍያውን አወለቀ። «ጋሼ» አለ በሹክሹክታ። ቀና ብለው ሲያዩት፣ ዓይኑን ከእሳቸው ሽሽት ወለሉ ላይ ተከለው። አውቋል።

የሰውየው እንባ ኮሌታቸው ላይ ይንጠባጠባል። ጋሼ ካርታ መዳፋቸውን አጎድጉደው ከጆሯቸው ኋላ አስደገፉ፤ ሌላ የሚያደርጉት አልነበራቸውም። ሰውየውም ያልተሰማ መስሎት ድምፁን ጨመረ።